«እዚህ ጋ ነው» ያሉት በምን አውቀው ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አንድ ድልድይ ሲፈተሽ ቆመው አይተዋል። አንዱ ባለሙያ አርማታውን በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ ያደርጋል። ሌላው የብረት ቢሙ (አግዳሚ ተሸካሚው) ላይ ጄል ይቀባና አውራ ጣት የምታክል ነገር አስጠግቶ ስክሪን ያያል። ጥቂት ቆይተው በጠመኔ ክብ ሠሩና «እዚህ ጋ ነው» አሉ። ከላይ ሲታይ ግን ምንም የለም። «ድምፅ እውነት የማይታይ ስንጥቅ ያገኛል? ካገኘስ ቦታውን በምን ያውቃል? ደግሞ በዚህ ዘመን ሴንሰር ለጥፎ መሄድ እየተቻለ ሰው ለምን በመዶሻ ይለፋል?» ይላሉ።

አዎ፣ ያገኛል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። የእኛ ሥራ ሁሉ ያለው «ሁልጊዜ አይደለም» የምትለዋ ላይ ነው።

ከመዶሻው ልጀምር። ሰው የሚንቀው እሱን ስለሆነ። ሸክላ የሚገዛ ሰው ጣቱን አጠፍ አድርጎ ኳ ያደርገዋል። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል። የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። መዶሻውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ደህና አርማታ ሲመታ አጭርና ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ከሥሩ የተላቀቀ ከሆነ ግን «ድም» ይላል። እኔ ማስታወሻዬ ላይ «ከበሮ» ብዬ ነው የምጽፈው። ለማሳመር አይደለም፤ ያ ቁራጭ በእውነት ከበሮ ሆኗል። ከላይ ስስ ሽፋን አለ፤ ከሥሩ ክፍተት አለ፤ የተያዘው ጠርዙ ብቻ ነው። ሲመታ እንደ ቆዳ ይጎብጣል፣ ይመለሳል። ለዚህ ነው ድምፁ የሚወፍረው።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አርማታው ውስጥ ያለው ብረት፣ ፌሮው ነው። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ አርማታውን ከውስጥ ይገፋዋል። ሽፋኑ ከፌሮው ጋር ትይዩ ሆኖ ይላቀቃል። ከላይ ግን ፊቱ ገና ሙሉ ነው፤ ለዚህ ነው እርስዎ ምንም ያላዩት። ሰፊ የድልድይ ወለል ሲሆን ደግሞ በመዶሻ አይዘለቅም። ሰንሰለት ይጎትቱበታል። ሰንሰለቱ ደህናው ላይ ሲሄድ ይንሿሿል፤ የተላቀቀው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይደፈናል። ሞኝ የሚመስል ዘዴ ነው። ግን ባንድ ቀን ብዙ ቦታ ይሸፍናል፣ ባትሪም አያልቅበትም።

ችግሩ ጆሮ ነው። ጆሮ ይደክማል። መኪና ሲያልፍ ይደናገራል። ጥልቀት ያለውን ጉዳት ደግሞ ጨርሶ አይሰማም። ከላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ድረስ ነው የሚታመነው።

ጆሮ በሚያቆምበት ቦታ መሣሪያ ይቀጥላል። በ1980ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሜሪ ሳንሳሎንና ኒኮላስ ካሪኖ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ኢምፓክት ኤኮ የሚባለውን ዘዴ አሳደጉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በትንሽ የብረት ኳስ አርማታውን መታ ያደርጉታል። አጠገቡ አንድ መቀበያ ይቀመጣል። ሞገዱ ወደ ታች ወርዶ ከወለሉ ማዶ ይጋጫል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል። በሴኮንድ ስንት ጊዜ ተመላለሰ? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው።

ቁጥር እንያዝ። በአርማታ ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 4,000 ሜትር ይሄዳል እንበል። ወለሉ 20 ሴንቲሜትር ውፍረት አለው። ፍጥነቱን በ0.96 (ለወለል ቅርፅ የሚደረግ ማረሚያ ነው) አባዝተን ለውፍረቱ እጥፍ ስናካፍል 9,600 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 9,600 ምልልስ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ 9,600 አካባቢ ጉብታ ከታየ ወለሉ ድፍን ነው። በድንገት አንድ ቦታ ጉብታው ወደ 24,000 ዘሎ ከተገኘ ሞገዱ ማዶ አልደረሰም። 8 ሴንቲሜትር ላይ አንድ ነገር መለሰው። እንግዲህ ጉዳቱ መኖሩንም፣ ጥልቀቱንም ባንድ ምት አወቅን ማለት ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ነውና ይህቺን 24,000 በመዶሻ ብቻ ማንም አይሰማትም።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚምታታባቸው ነገር አለ። ከላይ ያለው መላቀቅ ወፍራም ድምፅ ሰጠ ብያለሁ፤ ጠለቅ ያለው ደግሞ ቀጭን ሰጠ። እንዴት? ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም። የመጀመሪያው ሽፋኑ ሲጎብጥ የሚሰማ ነው። ሁለተኛው ሞገዱ በውፍረቱ ውስጥ ሲመላለስ የሚቆጠር ነው። ይህን ሳይለይ ስክሪን የሚያነብ ሰው ቆንጆ ግራፍ ያወጣና የተሳሳተ ቦታ ያስቆፍራል።

አሁን ወደ ብረቱና ወደ ጄሉ። የገደል ማሚቶ ያውቃሉ። ከገደል ፊት ቆመው ሲጮኹ ድምፅዎ ተመልሶ ይመጣል፤ በዘገየ ቁጥር ገደሉ ሩቅ ነው። አልትራሳውንድም፣ ማለትም ጆሮ የማይሰማው እጅግ ቀጭን ድምፅ፣ ማሚቶ ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ሲሄድ በብረት ውስጥ 5,900 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፕሌት ውስጥ ደርሶ ለመመለስ 8.5 ማይክሮሴኮንድ ይበቃዋል። ማይክሮሴኮንድ የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ናት። የማዶው ማሚቶ በ8.5 ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ሌላ ማሚቶ በ3.4 ላይ ብቅ ካለ፣ 10 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ አንድ ነገር አለ።

ያቺ አውራ ጣት የምታክለው ነገር ፕሮብ ትባላለች። ውስጧ ያለው ቁስ ኤሌክትሪክ ሲነካው ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የኋለኛውን ጠባይ የኩሪ ወንድማማቾች በ1880 አገኙት። ስለዚህ አንዷ ፕሮብ ትጮኻለች፣ ከዚያ ዝም ብላ ታዳምጣለች። በዚህ መንገድ ብረት ይፈተሽ የሚለውን ሐሳብ በ1928 ያቀረበው ሶቪየታዊው ሰርጌይ ሶኮሎቭ ነው። ማሚቶውን የሚቆጥረውን መሣሪያ ደግሞ አሜሪካዊው ፍሎይድ ፋየርስቶን ሠርቶ በ1942 ፓተንት አገኘበት። ዛሬ በእጅ የሚያዘው መሣሪያ የሱ የልጅ ልጅ ነው።

ጄሉስ? ድምፅ ከብረት ወደ አየር አይሻገርም ማለት ይቻላል። ከ99.9 በመቶ በላይ የሚሆነው ተመልሶ ይንጸባረቃል። በፕሮቧና በብረቱ መካከል ስስ አየር ከቀረ ድምፁ ገና ሳይገባ ይመለሳል። ጄሉ ያንን አየር ያባርራል። ደስ የሚለው ደግሞ ስንጥቅ የሚገኘውም በዚሁ ጠባይ መሆኑ ነው። ስንጥቅ ውስጥ አየር አለ። ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት ቢሆን እንኳ ለድምፅ ግድግዳ ነው። ስንጥቁ ተጨቁኖ ሁለቱ ፊቶቹ ከተጣበቁ፣ ወይም ውሃ ከሞላው ግን ግድግዳው ይሳሳል። የድምፁ ከፊል ሾልኮ ያልፋል። አይኑ የተከፈተ ስንጥቅ ሳይሆን የተጨፈነው ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

አቅጣጫውም አለ። ይህ ዋናው ነጥብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጨለማ ክፍል ውስጥ መስታወት በባትሪ ሲፈልጉ፣ መስታወቱ ፊቱን ወደ እርስዎ ካላዞረ ብርሃኑ ወደ ሌላ ይሄዳል። ስንጥቅም እንደዚሁ ነው። ድምፁን ፊት ለፊት ከተቀበለው ይጮኻል። ጎኑን ከሰጠ ዝም ይላል። ከላይ ወደ ታች የተሰነጠቀ ብረት ላይ ፕሮቧን ከላይ ቢያስቀምጡ ድምፁ በስንጥቁ ጎን አልፎ ማዶ ይደርስና «ደህና ነው» ይላል። ለዚህ ነው ብየዳ ሲፈተሽ ድምፁ በ45፣ በ60፣ በ70 ዲግሪ እያዘመመ የሚላከው። ፈታሹ ፕሮቧን ወደፊትና ወደኋላ ሲያንሸራትት፣ ግራና ቀኝ ሲያዞራት አይተው ይሆናል። እየፈለገ ያለው ስንጥቁ የሚያይበትን አቅጣጫ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ፈትሾ «ስንጥቅ የለም» የሚል ሪፖርት እኔ አልፈርምበትም። ልክ ሆኖ የሚጻፈው «በዚህ አቅጣጫ አልታየም» ነው።

የድግግሞሹ፣ ማለትም ሞገዱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ይንቀጥቀጥ የሚለው፣ ምርጫም ዝም ብሎ አይደለም። ብረት ላይ በ5 ሜጋኸርዝ ከሠራን የሞገዱ ርዝመት 1.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የዚያን ግማሽ የሚያክል ጉዳት እናያለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ይህንኑ ፕሮብ አርማታ ላይ ቢያስቀምጡት ምንም አይመለስም። ጠጠሩ ድምፁን በየአቅጣጫው በትኖ ይጨርሰዋል። ስለዚህ አርማታ ላይ ወደ 50 ኪሎኸርዝ እንወርዳለን። እዚያ ደግሞ ሞገዱ 8 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል፣ ጥቃቅኑን አያይም። በአርማታ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀውም ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከዚህ ገብቶ ከዚያ ለመውጣት ስንት ፈጀበት? 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን ምሰሶ በ100 ማይክሮሴኮንድ ያቋርጣል ብለን ጠብቀን 120 ከፈጀበት፣ መንገድ ላይ የሚያዞረው ነገር አለ። አንድ መስመር ቦታውን አይነግርም። ብዙ መስመር አቋርጠን ስንልክ ግን የዘገዩት መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ራሱን ያጋልጣል። ፌሮው ግን ያታልላል። ድምፅ በብረት ስለሚፈጥን በእሱ አቋራጭ ይሄድና ደካማውን አርማታ ደህና ያስመስለዋል። እርጥበትም እንደዚሁ ያፈጥነዋል።

ስለ ስህተት ካነሳን የራሴን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት የአንድ የቆየ ማጠራቀሚያ ታንክ ግድግዳ ውፍረት ስለካ መሣሪያው 3.1 ሚሊሜትር አነበበ። ጥሩ ነው ብዬ ጻፍኩ። አብሮኝ የነበረ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ቁጥሩን አይቶ «ከጎኑ ስንት ነው?» አለኝ። ከጎኑ 2.2 ነበር። ወዲያ ደግሞ 2.0። «ዝገቱ እየገባ ሄዶ እዚህ ጋ ሲደርስ በምን ተአምር ወፈረ?» አለና ትንሿን ፕሮብ አወጣ። 1.5 ሆኖ ተገኘ። ግድግዳው በጣም ሲሳሳ የመጀመሪያው ማሚቶ ከፕሮቧ የራሷ ጩኸት ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። መሣሪያው ሁለተኛውን ይይዝና እጥፉን ይነግርዎታል። በጣም አደገኛው ቦታ ላይ በጣም የሚያረካው ቁጥር ይወጣል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ብቻ የምታሳይ፣ የሞገዱን ሥዕል የማታሳይ መሣሪያ አልወድም።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ሴንሰር ለጥፎ መሄድ። ይቻላል፣ ይደረጋልም። እዚህ ግን ሥራው ይገለበጣል። እስካሁን እኛ እየጮህን ነበር። አሁን ብረቱ ራሱ እስኪጮህ እንጠብቃለን። ስንጥቅ ሲያድግ ወይም ሽቦ ሲበጠስ የተጠራቀመ ጉልበት ይለቀቃል፣ ሞገድ ይነሳል። ይህ አኮስቲክ ኢሚሽን ይባላል። ብረት ላይ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 300 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ነው የሚደመጠው፤ ከመኪናና ከነፋስ ጫጫታ በላይ ስለሆነ።

ቦታው እንዴት ይታወቃል? ሁለት ሴንሰር በ6 ሜትር ርቀት አንድ ቢም ላይ ለጠፍን እንበል። ድምፁ መቼ እንደተነሳ አናውቅም። የግራው ከቀኙ በ0.4 ሚሊሴኮንድ ቀድሞ እንደሰማ ግን እናውቃለን። ሞገዱ በሴኮንድ 3,000 ሜትር የሚሄድ ከሆነ የመንገዱ ልዩነት 1.2 ሜትር ነው። ስለዚህ ምንጩ ከመሐል 0.6 ሜትር ወደ ግራ ነው፤ ከግራው ሴንሰር 2.4 ሜትር ላይ። አለቀ። ሰፊ ግድግዳ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ሴንሰር ያስፈልጋል፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ጎባጣ መስመር ይወጣል፣ መስመሮቹ የሚቆራረጡበት ቦታ መልሱ ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር ይለውጡ። ሞገዱ 3,000 ሳይሆን 5,000 ሜትር የሚሄደው ዓይነት ነበር። ያው 0.4 ሚሊሴኮንድ 2 ሜትር ይሆናል፤ ምንጩም ከግራው ሴንሰር 2 ሜትር ላይ ይወድቃል። 40 ሴንቲሜትር ሳትን። ሰዓቱ አልተሳሳተም፣ ሴንሰሩም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ስለ ፍጥነቱ ያሰብነው ነገር ነው። በአንድ ብረት ውስጥ እንኳ የተለያዩ ሞገዶች በተለያየ ፍጥነት ይሄዳሉ። ቀድሞ የሚደርሰው ደካማውና ፈጣኑ ይሆናል፤ ከርቀት ሲሆን እሱ ይሞትና ሴንሰሩ የሚነቃው በቀርፋፋው ነው።

ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት እንሞክራለን። የምንሞክረውም በእርሳስ ነው። ቀልድ አይደለም። 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት እየተገፋ የሚወጣ እርሳስ ጫፍ ብረቱ ላይ አዘንብለው ይጫኗታል፣ ቀጭ ትላለች። ያቺ ቀጭ ማለት ሁልጊዜ ተመሳሳይ የሆነች፣ ስለታም የሆነች ሞገድ ታስነሳለች። በሜትር የለካነው ቦታ ላይ እንሰብራታለን፤ ኮምፒውተሩ «የት ነው?» ሲባል ያንኑ ቦታ ካልጠራ ፍጥነቱን እናስተካክላለን። በብዙ ገንዘብ የተተከለ ሥርዓት በእርሳስ ስባሪ ይፈተናል።

ጥሩ ምሳሌ በስኮትላንድ የሚገኘው የፎርዝ ሮድ ድልድይ ነው። በ1964 የተከፈተ ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። በ2004 ዋና ኬብሎቹ ተከፍተው ሲታዩ ከውስጥ የዛጉና የተበጠሱ ሽቦዎች ተገኙ። የኬብሉ ጥንካሬ ከ8 እስከ 10 በመቶ ቀንሷል ተብሎ ተገመተ። እያንዳንዱ ኬብል ከ11,000 በላይ ሽቦ ስላለው በዓይን መከታተል የማይታሰብ ነው። በ2006 ኬብሉን የሚያዳምጡ ሴንሰሮች ተተከሉ። ሽቦ ሲበጠስ መቼና የት እንደሆነ ይመዘገባል። ልብ ይበሉ፤ ሴንሰሮቹ የሚቆጥሩት ከተተከሉ በኋላ የሚበጠሰውን ነው። ቀድሞ የተበጠሰው ዝም ያለ ነው። እሱን ለማወቅ ኬብሉን መክፈት ነበረባቸው፤ የከፈተው ደግሞ ሰው ነው።

ብረትም ቢሆን ሁልጊዜ አይናገርም። ጀርመናዊው ጆሴፍ ካይዘር በ1950 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ ያሳየው ነገር አለ። አንድ ጊዜ የተጫነ ብረት፣ ከዚያ ቀድሞ ከተጫነው በላይ እስኪጫን ድረስ ብዙም ድምፅ አያሰማም። ድልድዩ ትላንት ከባድ መኪና አሳልፎ ዛሬ ቀላል ቢያሳልፍ ዝምታው የጤና ማረጋገጫ አይደለም። ዝም ማለት ካለበት ጭነት ሥር ሆኖ የሚጮህ ብረት ግን ጉዳቱ እያደገ ነው ብለን እንጠረጥረዋለን።

በሰው ፍተሻና በተለጠፈ ሴንሰር መካከል ሌላ መንገድ አለ። ረጅም ቧንቧ ላይ የሴንሰር ቀለበት ያጠልቁና በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የሚጓዝ ዝቅ ያለ ድግግሞሽ ይልካሉ። ከአንድ ቦታ ወደ ግራና ቀኝ በአስር ሜትሮች የሚቆጠር ይታያል። ትክክለኛውን ጥልቀት አይነግርም፤ «18 ሜትር ላይ ግድግዳው ሳስቷል» ይላል፣ ከዚያ እዚያ ሄደው በፕሮብ ይለካሉ። ክርን (የቧንቧው መታጠፊያ) ሲበዛ ወይም ቧንቧው አፈር ውስጥ ሲቀበር ድምፁ ቶሎ ይደክማል። ይህንኑ ዓይነት ሴንሰር በቋሚነት ለጥፎ የዛሬውን ሞገድ ከመጀመሪያው ቀን ሞገድ ጋር ማስተያየትም አለ። ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ሜዳ ላይ ግን ብረቱ ሲሞቅ ድምፅ ይዘገያል፣ ሲበርድ ይፈጥናል። የሌሊቱንና የቀትሩን ልዩነት ያላረመ ሰው በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ «ስንጥቅ ተገኘ» የሚል ማንቂያ ይደርሰዋል። ሙጫው የለቀቀ ሴንሰርም ልክ እንደ ጉዳት ይታያል።

ሴንሰር ደግሞ የተለጠፈበትን ነው የሚሰማው። በአሜሪካ በኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው ሲልቨር ብሪጅ ታኅሣሥ 15 ቀን 1967 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ወድቆ 46 ሰው ሞተ። መነሻው ከተሸካሚ ብረቶቹ የአንዱ ቀዳዳ ውስጥ የነበረ፣ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ስንጥቅ ነው። መጋጠሚያው ሳይፈታ በዓይን የማይደረስበት ቦታ ነበር። ብረቶቹ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ስለነበሩ አንዱ ሲሄድ የሚተካው አልነበረም። አሜሪካ በመላ አገሪቱ ድልድዮችን በየጊዜው የመፈተሽ ደንብ ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የቱ ቢሰበር ሁሉም ይወድቃል የሚለውን መጀመሪያ ከንድፉ ላይ የሚያነብ ሰው ከሌለ ሴንሰሩ የሚለጠፈው ለመውጣት የሚመች ቦታ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የጠመኔውን ነገር ረስቼ ነበር። ነጥብ ሳይሆን ክብ የሠሩት ስላልቻሉ አይደለም። ከላይ እንዳየነው ፍጥነቱ ትንሽ ቢሳት ቦታው ይንሸራተታል፤ የክቡ ስፋት ያንን ነው የሚናገረው። የመጨረሻውን ሪፖርት የማየት ዕድል ካገኙ «የድምፁን ፍጥነት ከየት አመጣችሁት? ፕሮቧን በየትኛው ዲግሪ አደረጋችሁ? ያልደረሳችሁበት ቦታ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ በነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። አርማታው ላይ ደግሞ ከክቡ መሐል አንድ ኮር (የአርማታ ናሙና) ቆርጠው ሲያወጡ ያዩ ይሆናል። ለማነጻጸር ከክቡ ውጭም አንድ ካወጡ ሥራቸውን ያውቃሉ።